ሉሲ ስቶን ስሟን ለምን አልቀየረችም?

አሜሪካ ወይም አውሮፓ የኖረ ሐበሻ ይህችን ነገር ሳያውቃት አይቀርም። ባልና ሚስት አንድ ቢሮ ይገባሉ። ፎርም ይሞላሉ። ጸሐፊዋ ፎርሙን ታገላብጥና ቀና ብላ ታያቸዋለች። «ተጋብታችኋል? ታዲያ የቤተሰብ ስማችሁ ለምን ተለያየ?» ከዚያ ማስረዳት ይጀመራል። እሷ የምትጠራው በአባቷ ስም ነው። እሱም በአባቱ። ልጃቸው ደግሞ በእሱ ስም። ጸሐፊዋ ጭራሽ ግራ ትጋባለች።

እኛ ዘንድ ሴት ስታገባ ስሟ አይቀየርም። ወይዘሪት የነበረችው ወይዘሮ ትባላለች፣ የአባቷ ስም ግን እንዳለ ይቀጥላል። ስለዚህ ስምን ይዞ መቆየት ትግል የሚጠይቅ ጉዳይ አይመስለንም። አሜሪካ ውስጥ ግን ትግል ጠይቋል። ትግሉን በግልጽ ከጀመሩት አንዷ ሉሲ ስቶን ትባላለች። ባርነትን ስትቃወም የኖረች፣ ሴቶች እንዲመርጡ ስትሟገት ያረጀች ሴት ናት። የስሟ ነገር ከሁለቱም ትግሎች ጋር የተያያዘ ነው። እንዴት እንደተያያዘ ላስረዳ። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሉሲ የተወለደችው በ1818 ነው፤ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ዌስት ብሩክፊልድ በምትባል የገበሬ መንደር። ከዘጠኝ ልጆች ስምንተኛዋ ናት። እናቷ ሴት ልጅ መውለዷን ስትሰማ «ምነው ሴት ባልሆነች፣ የሴት ኑሮ ከባድ ነው» ብላ አዘነች ይባላል። ይህ በቤተሰቡ ሲነገር የኖረ ወሬ ነው። ቤቱን ላየው ግን የሚያስገርም አይደለም። አባቷ ቋጣሪ ሰው ነበር። ገንዘቡ ሁሉ በእሱ እጅ ነው። እናትየው ቀን ከሌት ትሠራለች፣ ሳንቲም ግን ለምና ነው የምታገኘው።

ልጅቷ በ16 ዓመቷ አስተማሪ ሆነች። አንድ ክረምት ወንድሟን ተክታ አስተማረች። ክፍያው ከእሱ አነሰ። ለምን ብላ ስትጠይቅ፣ የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ልንከፍልሽ የምንችለው የሴት ደሞዝ ብቻ ነው አላት። ሥራው ያው፣ ተማሪዎቹ ያው።

በቤተ ክርስቲያኗም ሌላ ነገር ገጠማት። አንድ ዲያቆን በባርነት ተቃዋሚነቱ ሊባረር ምእመናኑ ድምፅ ይሰጡ ነበር። ሉሲም እጇን አወጣች። ቄሱ እሷን እንዳይቆጥሯት ተናገረ። አባል ናት፣ ድምፅ ግን የላትም አለ። በዚያ ስብሰባ ገና የሚሰጡ ድምፆች ነበሩ። በእያንዳንዱ እጇን አወጣች። በእያንዳንዱም አልተቆጠረችም። እኔ ከሕይወቷ ሁሉ ይህችን ታሪክ እወዳታለሁ። እንደማይቆጠር እያወቁ እጅ ማውጣት የተለየ እልህ ይጠይቃል።

መጽሐፍ ቅዱስ ላይም ጥያቄ ነበራት። ዘፍጥረት ላይ ለሔዋን «እርሱም ገዥሽ ይሆናል» የተባለው አበሳጫት። ወንዶች ናቸው የተረጎሙት፣ ማን ያውቃል እንዴት እንደተረጎሙት ብላ ጠረጠረች። ስለዚህ ግሪክኛና ዕብራይስጥ ተምራ ራሷ ልታረጋግጥ ወሰነች። ለዚያ ኮሌጅ መግባት ያስፈልጋል። አባቷ ወንድሞቿን አስተምሯል፣ ለእሷ ግን አልከፍልም አለ። እያስተማረች ለዓመታት አጠራቀመች። በ1843፣ በ25 ዓመቷ፣ ኦሃዮ የሚገኘው ኦበርሊን ኮሌጅ ገባች።

ኦበርሊን በዚያ ዘመን ጉድ የሚያሰኝ ቦታ ነበር። ጥቁሮችንም ሴቶችንም ይቀበላል። ነገር ግን እዚያም ሴት በወንዶች ፊት ቆማ ንግግር ማድረግ አይፈቀድላትም። ሉሲና ጓደኛዋ አንቶኔት ብራውን ክርክር ለመለማመድ ጫካ ውስጥ ተደብቀው ይሰበሰቡ ነበር። ስትመረቅ የምረቃ ጽሑፍ እንድታዘጋጅ ተመረጠች። መድረክ ላይ የሚያነበው ግን ወንድ ነው። እንግዲያው አልጽፍም አለች። በ1847 ተመረቀች። ከማሳቹሴትስ ሴቶች የኮሌጅ ዲግሪ ያገኘች የመጀመሪያዋ እሷ ናት። ኮሌጁ የተመሠረተበትን 50ኛ ዓመት በ1883 ሲያከብር ያንኑ መድረክ ሰጣትና ንግግር አደረገች። 36 ዓመት ዘግይቶ።

እንደተመረቀች የማሳቹሴትስ የፀረ ባርነት ማኅበር ተናጋሪ አድርጎ ቀጠራት። ሥራው ከከተማ ከተማ እየዞሩ ሕዝብን በባርነት ላይ መቀስቀስ ነው። ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሕዝቡ መጽሐፍ ይወረውርባታል። አንዴ በክረምት ብርድ በመስኮት በኩል ቀዝቃዛ ውሃ በጎማ ለቀቁባት፤ ሻሏን ደርባ ንግግሯን ቀጠለች። ኬፕ ኮድ በሚባለው የባሕር ዳርቻ ደግሞ ረብሸኛ ዱላ ይዞ መጣ። ሌሎቹ ተናጋሪዎች ሸሹ። ከእሷ ጋር የቀረው ስቲቨን ፎስተር ብቻ ነበር። ሂድና ራስህን አድን አለችው። አንቺንስ ማን ይጠብቅሻል ሲላት፣ ወደ እነሱ እየዘለለ የመጣውን ባለ ዱላ እያየች «እኚህ ጨዋ ሰው ይጠብቁኛል» አለች። ሰውየው ግራ ገባው። በኋላም እውነትም እጇን ይዞ አወጣት፤ ጉቶ ላይ አቁሞም አስነገራት። ፎስተር ኮቱ ተቀዶ ነበርና ረብሸኞቹ ራሳቸው 20 ዶላር አዋጡለት። ይህን የጻፈችው ልጇ ናት። ልጅ ስለ እናቷ ስትጽፍ ትንሽ ማስዋቧ አይቀርም፤ ያም ሆኖ ሉሲ በጠላቶቿም ዘንድ በድምፅዋ ጣፋጭነት የታወቀች ነበረች።

ማኅበሩ ግን ቅሬታ ነበረው። ስለ ባርነት እየተናገረች ሳለች ሳታስበው ስለ ሴቶች ትገባለች። ኃላፊው ቆጣ ሲልባት የሰጠችው መልስ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፦ «የባርነት ተቃዋሚ ከመሆኔ በፊት ሴት ነበርኩ።» በመጨረሻ ተደራደሩ። ቅዳሜና እሑድ ስለ ባርነት ትናገራለች፤ ማኅበሩም ይከፍላታል። በሌሎቹ ቀናት በራሷ ወጪና ኃላፊነት ስለ ሴቶች ትናገራለች። ደሞዟ በሳምንት ከ6 ዶላር ወደ 4 ወረደ። በ1850 ደግሞ ወስተር ከተማ ላይ የመጀመሪያውን አገር አቀፍ የሴቶች መብት ጉባኤ ካዘጋጁት አንዷ ሆነች።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ፤ የስሙ ቁልፍ ያለው እዚያ ነው።

አሜሪካኖች ከእንግሊዝ የወረሱት «ከቨርቸር» የሚባል የሕግ አስተሳሰብ ነበር። ቃሉ «መሸፈን» እንደማለት ነው። ባልና ሚስት በሕግ ፊት አንድ ሰው ናቸው። ያ አንድ ሰው ደግሞ ባልየው ነው። ሴቲቱ ስታገባ ሕጋዊ ሰውነቷ በእሱ ጥላ ሥር ይገባል፤ ጋብቻው እስካለ ድረስም ይታገዳል። ይህ በተግባር ምን ማለት ነው? ሠርታ ያመጣችው ደሞዝ የባሏ ነው። ይዛ የመጣችው ገንዘብና ዕቃ የባሏ ነው። መሬት ካላት የሚያስተዳድረው እሱ ነው። በስሟ ውል መዋዋል አትችልም፣ ብቻዋን መክሰስ አትችልም። ልጆቹም የእሱ ናቸው። ስሟ የሚጠፋው ከዚህ ሁሉ ጋር አብሮ ነው። ስም መቀየር ያኔ የፍቅር ጌጥ አልነበረም፤ የሕጉ ማኅተም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። እኛ ስማችንን ስለያዝን ከዚህ ጉድ ነፃ ነበርን ማለት አይደለም። የ1952 ዓመተ ምሕረቱ የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ያደርገው ነበር። ይህ የተቀየረው በ1992ቱ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ ነው። (እነዚህ ሁለቱ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።) ስም መያዝና ሥልጣን መያዝ አንድ አይደሉም።

ሉሲ ይህን ሕግ ስላወቀች አላገባም ብላ ቆርጣ ነበር። ሄንሪ ብላክዌል የሚባል የሲንሲናቲ ነጋዴ ግን ተስፋ አልቆረጠም። እሱም የባርነት ተቃዋሚ ነው። እህቱ ኤልዛቤት ብላክዌል በአሜሪካ የሕክምና ዲግሪ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ሄንሪ ሁለት ዓመት ያህል ደጅ ጠናት። ሕጉ በአንቺ ላይ ሥልጣን ቢሰጠኝም አልጠቀምበትም ብሎ ቃል ገባላት። በግንቦት 1855 ተጋቡ። በሠርጉ ላይ አንድ ያልተለመደ ነገር ሆነ። ሙሽሮቹ የተቃውሞ ጽሑፍ አነበቡ። ይህ ጋብቻ ሚስትን ሰው ከመሆን ለሚያግዳት ሕግ መስማማታችን አይደለም የሚል ነው። የባልን መብቶች አንድ በአንድ እየጠሩ አንቀበልም አሉ። ሚስት ለባሏ እታዘዛለሁ የምትልበት ቃልም ከመሐላው ወጣ። ያጋባቸው ቄስ ጽሑፉን ለጋዜጣ ላከው፣ አገሩ በሙሉ አነበበው።

ስሙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሉሲ የሕግ ሰዎችን አማከረች። ሚስት የባሏን ስም እንድትይዝ የሚያስገድድ ሕግ አለ? የለም አሏት፣ ልማድ ነው እንጂ። ከ1856 ጀምሮ በግልጽ «ሉሲ ስቶን» ሆና ቀጠለች።

በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ሲንሲናቲ ውስጥ የሆነው ነገር ግን የሠርጉን ጽሑፍ ቀላል ያስመስለዋል።

ማርጋሬት ጋርነር የምትባል በባርነት ያለች ሴት ከቤተሰቧ ጋር ከኬንታኪ አመለጠች። የኦሃዮ ወንዝ በረዶ ሠርቶ ነበርና በእግራቸው ተሻገሩ። ወንዙ ማዶ ባርነት የለም። ነገር ግን የ1850ው የሸሹ ባሪያዎች ሕግ ነፃ ግዛት ድረስ እየተከተለ ይይዛል። አሳዳጆቹ የተሸሸጉበትን ቤት ከበቡት። ማርጋሬት የሁለት ዓመት ልጇን በገዛ እጇ ገደለቻት። ወደ ባርነት ከምትመለስ ብላ።

ፍርድ ቤት ቀረበች። ጥያቄው ይህ ነው፦ ይህች ሴት ሰው ናት ወይስ ንብረት? ሰው ከሆነች በነፍስ ግድያ ትከሰሳለች፤ ያኔ ኦሃዮ ትቆያለች። ንብረት ከሆነች ለባለቤቷ ትመለሳለች። ልብ በሉ፣ ጠበቃዋ በግድያ እንድትከሰስ ነበር የሚታገለው። በግድያ መከሰስ የተሻለ ዕድል የሆነበት አገር ነው። ሉሲ እስር ቤት ሄዳ ጠየቀቻት። ቢላ ልታቀብላት ሞክራለች ተብላ ስትከሰስ ፍርድ ቤቱ ውስጥ ተነሥታ ተናገረች። አልካደችም። ልጅን ከባርነት ለማዳን እናት ያን ያህል ርቃ ብትሄድ ማን ሊፈርድባት ይችላል የሚል ንግግር ነበር። ዳኛው ማርጋሬትን መለሳት። ወደ ደቡብ ወሰዷት፣ በ1858 በበሽታ ሞተች።

ይህን ያመጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ዘመን የነጭ ሴቶች ተናጋሪዎች «ሚስት ባሪያ ናት» ማለት ይወዱ ነበር። ምሳሌው እውነት አለው፤ ሁለቱም በሕግ ፊት ሰው አይደሉም። ግን ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። ሉሲ ልዩነቱን እስር ቤት ውስጥ ቁጭ ብላ አይታዋለች። ከ13 ዓመት በኋላ የወሰነችውን ውሳኔ ሳስብ ይህች ቀን ትዝ ትለኛለች።

በመካከሉ የግብሩ ነገር አለ፣ ባጭሩ። ኦሬንጅ፣ ኒው ጀርሲ የነበረው ቤት በሉሲ ስም ነበር። በ1857 መጨረሻ የግብር ደረሰኝ ሲመጣላት መልሳ ላከችው። አሜሪካ ከእንግሊዝ የተጣላችው «ሳንወከል ግብር አንከፍልም» ብላ አይደል? እኔም ድምፅ የለኝም፣ አልከፍልም አለች። በጥር ወር ባለሥልጣን መጥቶ የቤት ዕቃዋን በሐራጅ ሸጠው። ጎረቤት ገዝቶ መለሰላት። ልጇ አሊስ ያኔ ገና የወራት ሕፃን ነበረች።

ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ነገሩ ተወሳሰበ። ሦስት የሕገ መንግሥት ማሻሻያዎች ተከታትለው መጡ። 13ኛው ባርነትን አስቀረ። 14ኛው ጥቁሮችን ዜጋ አደረገ፤ ነገር ግን ስለ መራጮች ሲናገር «ወንድ» የሚል ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ አስገባ። 15ኛው በዘር፣ በቀለም ወይም በቀድሞ ባርነት ምክንያት ማንም የመምረጥ መብቱን አይነፈግም አለ። በፆታ ምክንያት አላለም።

ሴቶቹ ምን ያድርጉ? ለዓመታት ከጥቁሮች ጋር ሆነው ታግለዋል። አሁን በሩ ሲከፈት ለጥቁር ወንዶች ተከፍቶ ለሴቶች ተዘጋ። የንቅናቄው መሪዎች ኤልዛቤት ካዲ ስታንተንና ሱዛን ቢ አንቶኒ 15ኛውን አንቀበልም አሉ። ስታንተን ስለ ጥቁር ወንዶችና ስለ ስደተኞች የንቀት ቃል እስከ መናገር ደረሰች። በግንቦት 1869 ኒው ዮርክ ላይ ስብሰባ ተደረገ። ከባርነት ያመለጠው ፍሬድሪክ ዳግላስ ተነሣ። ሴቶችን ሴት በመሆናቸው ብቻ ከቤታቸው እየጎተቱ የመንገድ መብራት ላይ ሲሰቅሏቸው፣ ያኔ ጉዳያቸው የእኛን ያህል አጣዳፊ ይሆናል አለ። ከአዳራሹ አንድ ሰው ጥቁር ሴትንስ ይህ አይደርስባትም ወይ ብሎ ጠየቀ። ይደርስባታል አለ ዳግላስ፤ ግን ጥቁር በመሆኗ እንጂ ሴት በመሆኗ አይደለም።

ሉሲ ሁለቱንም ወገን ወቀሰች። የሴት በደል ጥልቀቱ የማይለካ ውቅያኖስ ነው፣ የጥቁሩም እንዲሁ አለች። ማሻሻያው ሴቶችን በመተዉ ተናደደች። ግን አልተቃወመችውም። ከዚህ አስፈሪ ጉድጓድ ማንም ይሁን ማን መውጣት ከቻለ ከልቤ አመሰግናለሁ አለች።

ቅድስት አድርጌ እንዳልስላት አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። ባሏ ሄንሪ በ1867 ለደቡብ ምክር ቤቶች ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ሴቶች እንዲመርጡ ብትፈቅዱ የነጭ ሴቶች ድምፅ የነጮችን የበላይነት ያስጠብቅላችኋል ይላል። የባርነት ተቃዋሚ የነበረ ሰው ነው ይህን የጻፈው። የሴቶች ትግል በዚያ ዘመን እንዲህ ዓይነት ክርክር ከአንዱ ወገን ብቻ አልነበረውም፤ ከሉሲም ቤት ወጥቷል።

ከዚያ ስብሰባ በኋላ ንቅናቄው ለሁለት ተሰነጠቀ። ስታንተንና አንቶኒ አንድ ማኅበር አቋቋሙ። ሉሲ፣ ሄንሪና ሌሎች ደግሞ ሌላ። የእነ ሉሲ መንገድ ግዛት በግዛት እየዞሩ ማሳመን ነበር። ከጥር 1870 ጀምሮ ቦስተን ላይ ሳምንታዊ የሴቶች ጋዜጣ አወጡ፤ ጋዜጣው እሷ ከሞተችም በኋላ ለአሥርት ዓመታት ቀጠለ። ጠቡ 20 ዓመት ቆየ። በ1890 ሁለቱ ማኅበራት ተዋሐዱ። ካስታረቁት ዋነኛዋ ልጇ አሊስ ናት።

ጠቡ ግን ዋጋ አስከፈላት። ስታንተንና አንቶኒ የንቅናቄውን ትልቅ ታሪክ ሲጽፉ ሉሲ የሕይወት ታሪኳን አልሰጥም አለች። አላመነቻቸውም። እነሱም ያለ እሷ ጻፉት። ከእሷ በኋላ የመጣው አንባቢ ታሪኩን ያነበበው ከዚያ መጽሐፍ ነው። ዋሽንግተን ካፒቶል ውስጥ ከ1921 ጀምሮ የቆመው የሴቶች መብት ሐውልት ሦስት ሴቶችን ያሳያል፦ ስታንተን፣ አንቶኒና ሉክሪሺያ ሞት። ሉሲ የለችም። ለስሟ እንዲያ የታገለችው ሴት ስሟን የሚጽፍላት አጣች። እልኸኝነቷም ድርሻ እንዳለው ግልጽ ነው። ሴትየዋ «እሺ» ማለት አይሆንላትም።

ይኸው እልህ በ1879 ትልቁን ነገር አሳጣት። ማሳቹሴትስ በዚያ ዓመት ሴቶች ለትምህርት ቤት ኮሚቴ ምርጫ ድምፅ እንዲሰጡ ፈቀደች። ትንሽ መብት ናት፣ ግን መብት ናት። ሉሲ 61 ዓመቷ ነው። ዕድሜዋን ሁሉ ስትሟገትለት የኖረችው ነገር ነው። ሄዳ ተመዘገበች። ባለሥልጣናቱ በባልሽ ስም፣ ብላክዌል ብለሽ ካልተመዘገብሽ አይሆንም አሏት። እምቢ አለች። ስሟን ከመዝገቡ ሰረዙት።

ሞኝነት የሚለው ይኖራል። አንዴ ፈርማ ብትመርጥ ምን ነበረበት? እኔም አስቤበታለሁ። ግን የባሏን ስም ጽፋ ብትገባ የምትመርጠው ማን ናት? የተሸፈነችዋ ሴት ናት። መዝገቡ የጠየቃት ያንኑ ሽፋን ነው።

ሉሲ ስቶን በጥቅምት 1893 በ75 ዓመቷ ቦስተን ውስጥ አረፈች። በሕይወቷ አንድም ጊዜ አልመረጠችም። የአሜሪካ ሴቶች በሕገ መንግሥት ደረጃ የመምረጥ መብት ያገኙት በ1920 ነው። ብዙ ጥቁር ሴቶች ደቡብ ውስጥ በሙሉ መብት ለመምረጥ ከዚያም በኋላ እስከ 1965 ጠብቀዋል።

በ1921 ኒው ዮርክ ውስጥ ሩት ሄል የምትባል ጋዜጠኛ ያገቡ ሴቶች ስማቸውን እንዲይዙ የሚታገል ማኅበር መሠረተች። የሉሲ ስቶን ሊግ አለችው። ምክንያቱ ፓስፖርት ነው። መንግሥት ፓስፖርቷን በባሏ ስም ካልሆነ አልሰጥም አላት። እሷም ጉዞውን ትታ ቤቷ ተቀመጠች።